ባልቴቷና ሚጢጢ

ጥቅምት 11

ተፈረደብኝ። አዋላጇ ሲስተር አብነት «ከዛሬ ጀምሮ ከአልጋ የምትወርጂው ለሽንት ቤት ብቻ ነው» አለችኝ። ደሙ ትንሽ ነው። ግን ሁለት ጊዜ ጽንስ ለወረደባት ሴት ትንሽ የሚባል ደም የለም። ልጁ ደህና ነው፤ ልቡን በማሽኑ ሰማሁት፣ እንደ ጋሪ ፈረስ ይጋልባል። አምስተኛ ወሩን ይዟል። የፊተኞቹ እዚህ አልደረሱም።

ስንመለስ ባሌ ልዑልቃል የባጃጁን ሹፌር «ቀስ በል፣ ጉድጓድ አለ፣ ቀስ» እያለ አሰለቸው። ሹፌሩ ተናዶ «አቦ፣ ውረድና ተሸክመሃት ሂድ!» አለው። ልዑሌ የምሩን ሊወርድ ነበር።

ጥቅምት 13

አማቴ እማማ ዳርምየለሽ ከገጠር፣ ከየቡ፣ መጡ። ቆጮ፣ ቅቤ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ እና ትእዛዝ ይዘው። ገና ሳይቀመጡ ልዑሌን ሁለት ብሎኬት አስመጥተው በግርጌ በኩል ከአልጋው እግሮች ሥር አስገቡ። «ልጅ ቁልቁል ነው የሚመጣው። መንገዱን ዳገት እናድርግበት» አሉ። ሲስተር አብነት ጋ ስደውል ሳቀችና «አይጎዳሽም። አይጠቅምሽምም» አለች።

ሌሊቱን ወደ ራስጌ ስንሸራተት አደርን። ልዑሌ ጠዋት አንገቱን እያሸ «በዚህ ቤት ስበት አቅጣጫ ቀይሯል» አለ። እሳቸው አልሳቁም። ሲስቁ አይቻቸውም አላውቅ።

ጥቅምት 16

ሥራ ተሰጠኝ! «ተኝተሽ የምትሠሪው» አለኝ ልዑሌ፣ ላፕቶፑን ሆዴ አጠገብ እያስቀመጠ።

እሱና ጓደኛው አኒስ ኪቶ ፉርዲሳ የቴክኖሎጂ ግቢ ተማሪ ከነበሩ ጀምሮ «ማዶ» የሚሉትን ጨዋታ ይሠራሉ። አንዲት መንገደኛ ሴት በመንኮራኩር ከፕላኔት ፕላኔት እየዞረች ዘር ትለቅማለች። በቃ። ቀን ቀን ኮምፒውተር እየጠገኑ ማታ ማታ ይቺን ሴትዮ ያስዘልላሉ። በጥር ውድድር ላይ ያቀርቧታል። እስከዚያ እያንዳንዱን ፕላኔት የሚሞክርላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ።

የፕላኔቶቹ ልዩነት ስበታቸው ነው። ትልቋን አኒስ «ባልቴቷ» ብሏታል፣ እሷ ላይ ሁሉም እንደ ባልቴት ነው የሚሄደው። ዝላይ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። አንድ ጆንያ ዘር የያዘች ሴት ወገቧ ይጎብጣል፣ አየሯ ቶሎ ያልቃል። ከወንበር ከፍታ ከወደቀች ትሞታለች። ነዳጅ አሳንሶ የገባም እዚያው ይቀራል፣ መንኮራኩሩን ከመሬት የሚያላቅቅ ጉልበት አያገኝም። ትንሿ ጨረቃ ደግሞ «ሚጢጢ» ናት። አንዴ እንጣጥ ካልሽ ከቤት ጣሪያ በላይ ነሽ።

እማማ በትከሻዬ በኩል አይተው «ይህች ሴት ምን ሆና ነው የምትንሳፈፈው? ትውረድ እንጂ፣ ሥራ የላትም?» አሉ።

ጥቅምት 20

ለአኒስ የላክሁለት፦ ሚጢጢ ላይ መጀመሪያ ትስቂያለሽ። ከዚያ ይሰለችሻል፣ ምክንያቱም የሚያስፈራ የለም። ከዚያ ነው የሚያስፈራው የሚመጣው። ብዙ ጆንያ በአንድ እጅ አንጠልጥዬ ሮጥኩ፣ ላባ ናቸው። ገደሉ ጋ ስደርስ ልቁም ብል ማን ይቁም! እግሬ መሬቱን አይቆነጥጥም፣ ጆንያዎቹ ከኋላ ገፍተው ይዘውኝ ገደል ገቡ።

አኒስ በደስታ ሊሞት ነው። «አየሽ አይደል? ክብደቱ ነው የጠፋው፣ መጠነ ቁሱ ያው ነው! ማንም አስተማሪ እንዲህ አላስረዳም።» እኔ ግን ነገሩ ቅር አለኝ። ቀላል ነገር እንዲህ ይገፋል ብሎ ማን ያስባል?

ልጁ ረገጠኝ። ስዘል ይረግጣል፣ ስቆም ይተዋል። ጌታ ምስክሬ ነው።

ጥቅምት 23

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ታዲዮስ ከመዘምራን እናቶች ጋር ሊጠይቁኝ መጡ። ተነሣሁ።

እማማ «ተኝታ ትሳለም፣ ታማለች» አሉ፣ አዎ ብለዋል። ጋሽ ታዲዮስም «ኧረ በጌታ! አትነሺ ልጄ» ብለዋል። ግን ይህን ሲሉ እኔ ቆሜያለሁ። ማን ነው ተጋድሞ ሽማግሌ የሚቀበል? እናቴ ዱራሜ ሆና ብትሰማ ሐፍረቱ አፈር ያስበላት ነበር። እማማም ቢሆኑ አፋቸው ተኚ ይበል እንጂ ዓይናቸው ሌላ ነው ያለው። መሰለኝ።

ከዚያ ጸሎት ሆነ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲጸልይ እኔ ልተኛ? ጋሽ ታዲዮስ የተባረኩ ሰው ናቸው፣ ጸሎታቸው ግን ረጅም ነው። ለአገር ጸለዩ፣ ለዝናቡ ጸለዩ፣ ለታመሙት በየስማቸው ጸለዩ። እኔ ጋ ሲደርሱ የአልጋውን ራስጌ ይዤ ነበር የቆምኩት።

ጥቅምት 24

ትንሽ ደም። ለልዑሌ አልነገርኩትም፣ ውድድር አለበት።

ቆሟል። ቆሟል መሰለኝ።

ኅዳር 1

ጎረቤቴ ዘሀራ ሱቋን ዘግታ መጣች። ልነሣ ስል ከበሩ ላይ ጮኸችብኝ፦ «ሂንካኢን! አትነሺ ብዬሻለሁ!» ሮጣ መጥታ ግንባሬን በመዳፏ ይዛ ትራሱ ላይ መለሰችኝ። «አባ ጅፋር ራሳቸው ከነፈረሳቸው ቢገቡ አትነሺም፣ ገባሽ? ሆድሽ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ፣ ወንድ ነው።» ስቄ ሞትኩ። የሰው ነገር እንዲህ ቀላል ቢሆን።

እማማ ጓሮ ሆነው በስልክ ይጮኻሉ። የሚያወሩት የቡ ካለ ሳዲቅ ከሚባል ጎረቤታቸው ጋር ነው። «ይርገፍ! ሰው ካገኘህ አስለቅም፣ ካላገኘህ ይርገፍ። እኔ እዚህ የምጠብቀው አለኝ» ሲሉ ሰማሁ። በቀን ስንቴ ነው? ቡና፣ ቡና፣ ቡና። ሰውነታቸው እዚህ ነው፣ ሐሳባቸው የቡ ነው። ካልተመቻቸው ሄደው ይልቀሙ፣ ማን ያዛቸው?

ይህን ስጽፍ ምሳዬን አምጥተው እንደ ሕፃን አጎረሱኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ኅዳር 5

ከልዑሌ ጋር ተጣላን። በጨዋታ! ባልቴቷ ላይ ከወንበር ከፍታ ወድቃ መሞቷ ጭካኔ ነው አልኩት። ትቁሰል፣ ታነክስ፣ ግን ትነሣ።

«መውደቅ ካልገደለ ማን ይጠነቀቃል?» አለኝ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ።

እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። እሱም ያለውን ከዚያ በኋላ ነው የሰማው መሰለኝ፣ ጆሮው ቀላ። ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ። ዳቦ ነበረን። ዳቦ ይዞ ተመለሰ።

ኅዳር 9፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልዑሌ ግድግዳውን ይዞ ተኝቷል፣ እማማ መደቡ ላይ ያንኮራፋሉ፣ እኔ በጨለማ ሚጢጢ ላይ ነኝ።

ገባኝ አሁን ምን እንደሚያስፈራኝ። ባልቴቷ ላይ ስትወድቂ ወድቀሽ ነው የምታውቂው፤ ጧ! አለቀ። ምሕረት አለው። ሚጢጢ ላይ ግን መውደቅ ጊዜ ይወስዳል። ከገደሉ ጫፍ ትለቂያለሽ፣ ከዚያ ታች ያለውን ድንጋይ ታዪዋለሽ፣ ይጠጋሻል፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ። እጅሽን ብታወናጭፊ ምንም አትቀይሪም። ሐሳብ ብቻ ነው ያለሽ። ወጪ፣ ውረጂ፣ ምነው እዚያ ጋ ባልዘለልኩ። ምነው ያኔ ለሲስተር ነግሬ በነበር። ምነው ያን ቀን ቁጭ ብዬ በነበር።

አኒስን በአየር ላይ አቅጣጫ የምትቀይርበት ትንሽ ጢስ የምትተፋ ነገር ጨምርላት ብዬ ለምኜዋለሁ። «አቦ ታቢ፣ ከዘለልሽ ዘለልሽ ነው፤ ያ ከሌለ ጨዋታው የት አለ?» አለኝ። እሱ ምን አለበት። ልጅ የለው፣ ሚስት የለው።

ለልዑሌ ያልነገርኩት ሌላ ነገርም አለ። በሆዴ አወራዋለሁ፣ ልጁን። ሳይወለድ ስም ማውጣት አይወደድም፣ እማማ ይቆጣሉ። እኔ ግን የምጠራበት አለኝ። እዚህም አልጽፈውም።

ተኛ አንተ። ተኛልኝ።

ኅዳር 14

እሑድ ነው፤ ከጸሎት በኋላ ሰው መጣ። በቶሎ ልጽፈው፣ ስለጨነቀኝ ነው የምጽፈው።

እማማ በሩ ላይ ቆመው ሰው ይመልሱ ነበር። «ተኝታለች፣ ሌላ ቀን» ሲሉ ሰማሁ። መዘምራኑን መለሱ። ከዚያ የጋሽ ታዲዮስን ድምፅ ሰማሁና አላስችል አለኝ። ሽማግሌ ከደጅ ይመለሳል? ነገ ከተማው ምን ይላል? ያቺ የዱራሜ ልጅ ሰው ጠላች ይላል። ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ጮኽኩ፦ «ይግቡ! ነቅቻለሁ፣ ይግቡ!»

እማማ ዘወር ብለው አዩኝ። እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። ከበሩ ገለል አሉ።

ተነሣሁ። ተሳለምኩ። ጸለዩ። ቆምኩ። አሜን ሲሉ በእግሬ የሞቀ ነገር ወረደ።

ልዑሌ ባጃጅ ሊጠራ ሮጧል።

ኅዳር 15

ሆስፒታል። የእንሽርት ውሃው ፈሷል። ልቡ ግን ይሮጣል፣ አሁንም ሰማሁት። ሲስተር አብነት ፊቴን አታይም። ምነው ብታየኝ። ጌታ ሆይ ምነው ብታየኝ።

ኅዳር 16

ሄደ።

ወንድ ነው። ገና ነው፣ ሳንባው ገና ነው አሉ። በፎጣ ጠቅልለው «ታቅፊዋለሽ?» አሉኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ለልዑሌ ሰጡት። ይዞት ወጣ፣ እስከ ማታ አልተመለሰም።

አላቀፍኩትም። አላቀፍኩትም።

ኅዳር 21

ቤት ነኝ። ሲስተር አብነት ከመውጣቴ በፊት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። የማህፀኔ አፍ ደካማ ነው፣ ቀድሞ በክር ሊሰፋ ይገባው ነበር፣ ያ ለሚቀጥለው ይደረጋል። «ብትቆሚም ባትቆሚም ይሄው ነበር፣ ታቢታ። ራስሽን አትብዪ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሷ ደግ ናት፣ ደግ ሰው ደግሞ ይዋሻል።

ሰው አልመጣም። ልጽፈው አፍራለሁ እንጂ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ልተኛ በሚገባኝ ጊዜ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ወንበር ጠፍቶ ነበር። አሁን ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። በስልክ «ጌታ ይተካልሽ» ይላሉና ይዘጋሉ። ጋሽ ታዲዮስ ኢዮብን አስቢ ብለው ላኩብኝ። ላልተወለደ ድንኳን አይጣልም፣ ዕድር አይጠራም፣ ንፍሮ አይቀቀልም። ጎረቤት ሴትዮ በመስኮቱ ሥር ስታልፍ «ምን ልጅ ይባላል፣ ደም ነው እንጂ» ስትል ሰማኋት። ደም አልነበረም። እኔ ስዘል ይረግጥ ነበር።

ዘሀራ ብቻ መጣች። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፣ ከአላህ ነን፣ ተመላሾችም ወደ እሱ ነን» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስትሄድ ዕቃውን ሁሉ አጥባ ነው የሄደችው።

እማማ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ብሎኬቶቹን መቼ እንዳወጧቸው አላየሁም፣ አልጋው ቀጥ ብሏል። ቢሰድቡኝ ይሻላል። አንቺ ነሽ የጠራሻቸው ቢሉኝ። የቡ እንኳ አልሄዱም፤ ቡናው አልቆ ይሆናል።

ኅዳር 27

አኒስ መጣ። በሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ እየመለሰ ቆየ። በመጨረሻ ላፕቶፑን ከፈተ። «ታቢ፣ ባልሽን እኔ ልናገረው አልቻልኩም፣ አንቺ አናግሪው።»

አየሁ። ባልቴቷ ላይ ድንጋዩ፣ ጆንያው፣ ዘሩ፣ ሁሉም አየር ላይ ተንሳፍፏል። ሚጢጢም እንዲሁ። ልዑሌ የፕላኔቶቹን ሁሉ ስበት ዜሮ አድርጎታል። መንገደኛዋ ሴት በአየር ላይ እግሯን ታወናጭፋለች፣ ወደፊት አትሄድም፣ ወደ ኋላ አትሄድም። «ክብደት ከሌላት መሬቱን አትረግጥም፣ መሬቱን ካልረገጠች አትራመድም» አለ አኒስ። «የሚወድቅ የለም እሺ፣ ግን ጨዋታም የለም። መልሰው ስለው ይቆይ ይለኛል። ውድድሩ ደርሷል።» ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ለውድድሩ አልነበረም፣ ስቆጣው የኖርኩት አኒስ።

ልዑሌ ሲመጣ ሴትየዋን አሳየሁት። «ምን ነው ይሄ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እማማ መደቡ ላይ ፊታቸውን አዙረው ተኝተዋል።

«ታቢ፣ በእጄ ይዤው ነበር» አለኝ። «እስከ የቡ ድረስ፣ በሚኒባስ፣ ሰው መሐል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዳቦ የያዝኩ መስሏት ፎጣውን ወደ እኔ ሰበሰበችልኝ። ከፎጣው ሌላ ምንም የያዝኩ አይመስለኝም ነበር። ምንም አይከብድም። ታዲያ ለምንድነው ከሚኒባሱ ስወርድ መቆም ያቃተኝ?»

የት እንደቀበረው ጠይቄው አላውቅም ነበር። እማማ ከጓሯቸው ቦታ ሰጥተውት፣ ሳዲቅ ቆፍሮለት፣ ሁለቱ ብቻቸውን ቀበሩት። እርጥብ መሬት ነው አለ። ዙሪያው የረገፈ ቡና ነው፣ የሚለቅመው የጠፋ፣ እየበሰበሰ፣ ቀይና ጥቁር፣ የዓመቱ ምርት ሁሉ። እየረገጡ ነው የሄዱት።

ይህን ሲናገር ወደ መደቡ አየሁ። የእማማ ጀርባ አይንቀሳቀስም ነበር። ነቅተዋል።

ኅዳር 28

ጠዋት ልዑሌ ቁጥሮቹን መለሰ። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፣ አንድ በአንድ። ሴትየዋ ባልቴቷ ላይ ስታርፍ አቧራ ቦነነ። አኒስ በስልክ «ተባረክ» ብሎ ዘጋ። የተሻለን ነገር የለም፣ መሬት ነካች ብቻ።

ከዚያ እማማ ተነሥተው በሩን ዘጉ። በጠራራ ፀሐይ። መጋረጃውን ሳቡ። ከመደቡ ላይ ምንጣፉን አውርደው ወለሉ ላይ ዘረጉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንደ ሐዘንተኛ፣ ተቀመጡ።

«ኑ፣ ቁጭ በሉ» አሉን። «ማንንም አንጠብቅም።»

ልዑሌ «እማዬ...» አለ። እሳቸው እኮ ለቅሶ ቤት ገብተው እንደማያምኑ ሰዎች አታልቅሱ ብለው ሰው የሚገሥጹ ናቸው። የራሳቸውን ባል በመዝሙር ነው የሸኙት።

«ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እሱ ራሱ አልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል» አሉ። «የልጄ ልጅ ሞቶ እንደ ሌባ ተደብቄ አልቀመጥም። አንቺም ነይ፣ ልጄ።»

ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ወርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማማ፣ እኔ ነኝ የጠራኋቸው» አልኩ።

«ሽማግሌ ከደጅ አለመመለስን ማን አስተማረሽ? እኛ አይደለንም ወይ?» አሉና ጭንቅላቴን ይዘው ደረታቸው ላይ አደረጉት። ጭስና ቅቤ ይሸታሉ። ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሲነሣ ሰማሁ፣ ሙሾ ሊያወጡ ነው። ግን አቆሙት።

«ስሙን ማን ብዬ ነው የምጠራው?» አሉኝ። «ስም ሳይጠራ አይለቀስም።»

ልዑሌ አየኝ። እሱም አያውቅም። አፌን ስከፍት ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር።

«ቃለሕይወት» አልኳቸው።

እማማ አንዴ በቀስታ ደገሙት፣ እንዳይሳሳቱ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጠሩት።